በእኛም በተውሳኩም ቤት ያለ አንድ በር፦ ካልሲየም ወደ ሚቶኮንድሪያ እንዴት ይገባል?

ጸባ በኔጌቭ ያገለገለ ወይም በይሁዳ በረሃ ቲዩል የወጣ ሰው «ሾሻናት የሪሖ» የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። የአሸዋ ዝንብ (ዝቩቭ ሃሖል) ከነከሰ ከሳምንታት በኋላ ፊት ወይም እጅ ላይ የሚወጣ፣ እምብዛም የማይጠዘጥዝ ግን ለወራት አልድን የሚል ቁስል ነው። ቤት ገብታችሁ አያቶቻችሁን «ቁንጭር ምንድን ነው?» ብትሏቸው ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ ስለሚታወቅ፣ ፊት ላይ ጠባሳ ጥሎ ስለሚሄድ ቁስል ሊያጫውቷችሁ ይችላሉ።

ስሙ ሁለት ነው፣ አገሩም ሁለት ነው። ቤተሰቡ ግን አንድ ነው። ሁለቱንም የሚያመጣው ሌሽማኒያ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ (ታፒል) ነው። ዝርያው ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በኢትዮጵያ ደጋ ሌሽማኒያ ኤትዮፒካ፣ በእስራኤል ደግሞ ሌሽማኒያ ሜጀር እና ሌሽማኒያ ትሮፒካ አሉ። የሚገርመው፣ ተውሳኩን በጫካና በቋጥኝ ውስጥ ከሚያቆዩት እንስሳት አንዱ እዚያም እዚህም አንድ ነው፦ እናንተ «ሻፋን ሴላ» የምትሉት፣ ወላጆቻችሁ «ሽኮኮ» የሚሉት።

ሌሽማኒያ ሦስተኛ፣ ከሁሉ የከፋ መልክም አለው። ካላዛር ይባላል። ቆዳ ላይ አይቆምም፤ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኒ ውስጥ ይገባል፣ ካልታከመም ይገድላል። በኢትዮጵያ በተለይ በመተማና በሁመራ ቆላ፣ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን ሲያጠቃ ኖሯል። ከድንበሩ ማዶ ያለው የሱዳኑ ገዳሪፍም በዚሁ በሽታ የታወቀ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ቤተሰቦቻችን ወደ እስራኤል ለመምጣት በእግራቸው ያቋረጡት ይሄንኑ አካባቢ ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ ቁስሉ ሳይሆን፣ በተውሳኩ ሆድ ውስጥ ስላለች አንዲት ትንሽ በር ነው። በሯ ካልሲየምን (ሲዳን) ታስገባለች። ነገሩ ሩቅ ይመስላል አይደል? ግን ያቺው በር በእያንዳንዳችሁ ልብ ውስጥም አለች። የሰውን በር ያገኘነውም በከፊል እነዚህ ተውሳኮች መንገዱን ስላሳዩን ነው።

አንድ ሕዋስ፣ አንድ ሚቶኮንድሪያ

ለባግሩት ባዮሎጂ ያጠና ሁሉ «ሚቶኮንድሪያ የሕዋስ የኃይል ማመንጫ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃታል። እውነት ናት፣ ግን ጎደሎ ናት። አንድ የሰው የጉበት ሕዋስ ከሺህ በላይ ሚቶኮንድሪያዎች አሉት። ጥቂቶቹ ቢበላሹ ሕዋሱ አሮጌዎቹን አፍርሶ አዲስ ይሠራል፣ ሕይወትም ይቀጥላል።

ሌሽማኒያ እንዲህ ያለ ትርፍ የለውም። ያለው አንድ ሚቶኮንድሪያ ብቻ ነው። ዘመዶቹ ትራይፓኖሶማዎችም እንዲሁ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ትራይፓኖሶማ ብሩሴ ነው፤ በቆላ ዝንብ እየተላለፈ በአፍሪካ ሰውን የእንቅልፍ በሽታ ያሲዛል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ «ገንዲ» ከሚባለው የከብት በሽታ ተውሳኮችም አንዱ ነው። ሌላው ትራይፓኖሶማ ክሩዚ፣ ብራዚላዊው ሐኪም ካርሎስ ቻጋስ በ1909 የገለጸውና በላቲን አሜሪካ ልብን የሚያደክመው የቻጋስ በሽታ ምንጭ ነው።

የእነዚህ ተውሳኮች ሚቶኮንድሪያ ረጅምና ቅርንጫፍ ያለው ሆኖ በሕዋሱ ውስጥ ይዘረጋል። በውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይገኛሉ። ይህ የቀለበት መረብ ኪኔቶፕላስት ይባላል፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይም እንደ ጥቁር ነጥብ ጎልቶ ይወጣል። በሌላ እንስሳ ወይም ተክል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ማመንጫ ብቻ ያለው ከተማ፣ ያቺ ማመንጫ ከቆመች ጨለማ ነው። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ዓይናቸውን እዚህ ቦታ ላይ የጣሉት።

ካልሲየም ምን ይሠራል?

ካልሲየም ሲባል ሁላችንም ወተትና አጥንት ነው የሚታየን። በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። የቀረው ትንሽዬ ክፍል ግን ሌላ ሥራ አለው፤ መልእክተኛ ነው። ጡንቻ «ተኮማተር»፣ ነርቭ «አስተላልፍ»፣ ሕዋስ «ተከፋፈል» የሚለውን ትእዛዝ የሚቀበለው በአብዛኛው በካልሲየም በኩል ነው።

መልእክቱ የሚሠራው ሕዋሱ ውስጡን ጸጥ አድርጎ ስለሚይዘው ነው። ከሕዋሱ ውጭ ያለው ካልሲየም ከውስጡ በአሥር ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ቤቱ ጸጥ ካለ ትንሽ ማንኳኳት እንኳ ይሰማል። ጫጫታ ውስጥ ግን ማን ይሰማታል? ተውሳኩም ይሄንኑ ሕግ ይከተላል። ከዝንብ ሆድ ወጥቶ 37 ዲግሪ ወደሚሞቅ የሰው ገላ ሲገባ ዙሪያው በአንዴ ይለወጥበታል። ለውጡን አውቆ ቅርጹንና ምግቡን መቀየር አለበት። በዚህ ጊዜ ከሚጠቀምባቸው መልእክተኞች አንዱ ካልሲየም ነው። ትራይፓኖሶማ ክሩዚ ወደ ሰው ሕዋስ ሲገባም በተውሳኩ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ይላል።

ታዲያ ሚቶኮንድሪያ ምን አገባው? ሚቶኮንድሪያ ምግብ ሲያቃጥል ፕሮቶኖችን ከውስጠኛው ሽፋኑ ወደ ውጭ ይገፋል። በዚህ የተነሳ ውስጡ ከውጭው ይልቅ በ150 ሚሊቮልት ወይም ከዚያ በላይ ኔጋቲቭ ይሆናል። ካልሲየም ደግሞ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ነው። ኔጋቲቩ ይስበዋል። ስለዚህ ካልሲየምን ለማስገባት ሌላ ኃይል ማባከን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በር ብቻ ነው።

በሩ ሲከፈትና ካልሲየም ሲገባ ምግብ የሚያቃጥሉት ኤንዛይሞች ይፈጥናሉ፣ ኤቲፒ የሚባለው የሕዋስ «ነዳጅ» በብዛት ይመረታል። «ሥራ በዝቷል፣ ማመንጫውን አፍጥኑት» እንደ ማለት ነው። ግን ሲበዛ ማርም ይመራል። ካልሲየም ከልኩ በላይ ከገባ ሚቶኮንድሪያው ያብጣል፣ ሽፋኑ ይበሳል፣ ሕዋሱም ይሞታል። በሩ የማይከፈት ከሆነ ኃይል ያንሳል፤ ሁልጊዜ ከተከፈተ ደግሞ ሞት ይመጣል።

ሃምሳ ዓመት የተፈለገ በር

ሚቶኮንድሪያ ካልሲየምን እንደሚውጥ ከታወቀ ቆይቷል። በ1961 እና በ1962 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ቡድኖች ከአይጥ ኩላሊት የወጡ ሚቶኮንድሪያዎች ካልሲየምን ከፈሳሹ ውስጥ ሲመጡት አሳዩ። በሩን «ዩኒፖርተር» አሉት፤ አንድን ነገር ብቻ፣ ሌላ ነገር ሳይለውጥበት የሚያሳልፍ ማለት ነው። ሩቴኒየም ቀይ የሚባል ማቅለሚያ በሩን እንደሚዘጋውም ታወቀ። ይሁን እንጂ በሩ ከየትኛው ፕሮቲን (ሔልቦን) እንደተሠራ፣ የትኛው ጂን እንደሚያዝዘው የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ትውልድ ሙሉ ተመራማሪ ፈልጎ አጣው።

ጉዳዩ የተፈታው ማንም ባላሰበበት በኩል ነው። በ1989 አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዶካምፖና ብራዚላዊው አኒባል ቬርሴዚ የትራይፓኖሶማ ክሩዚን ሚቶኮንድሪያ መረመሩ። የተውሳኩን የውጭ ሽፋን በኬሚካል በስተው፣ ሚቶኮንድሪያውን ከቦታው ሳያነሱ ካልሲየም ጨመሩበት። ሚቶኮንድሪያው ካልሲየሙን ዋጠ። ሩቴኒየም ቀይ ሲጨመር ደግሞ አቆመ። ልክ እንደ አይጥ፣ ልክ እንደ ሰው! ብዙም ሳይቆይ ሌሽማኒያም እንዲሁ እንደሚያደርግ ታየ።

እንዴ፣ ይሄ ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል። የሚገርመው እርሾ ስላለ ነው። ዳቦ የምንነፋበት እርሾ (ሽማሪም) ሚቶኮንድሪያ አለው፣ ይህ በር ግን የለውም። በዘር ሐረግ ደግሞ እርሾ ለሰው ከትራይፓኖሶማ ይልቅ ቅርብ ዘመድ ነው። የእኛና የትራይፓኖሶማ የዘር ሐረግ ከተለያየ ከቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ቅርቡ ዘመድ በሩን ጥሎታል፣ ሩቁ ግን ይዞት ቆይቷል ማለት ነው። እንግዲህ በሩ በጣም ጥንታዊ ነው፤ የሰውና የተውሳኩ የጋራ ቅድመ አያት ሳይኖረው አልቀረም።

ተውሳኩ ያሳየን መንገድ

ይህን ልዩነት እንደ ቁልፍ የተጠቀመው በሃርቫርድ የሚሠራው የቫምሲ ሙታ ቡድን ነው። የቡድኑ አስተሳሰብ ቀላል ነበር፣ እናንተም ልትደርሱበት ትችሉ ነበር። በመጀመሪያ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ የሚገኙ ፕሮቲኖችን ስም ዝርዝር ያዙ፤ ወደ አንድ ሺህ አንድ መቶ ገደማ ናቸው። ከዚያ ጠየቁ፦ ከእነዚህ ውስጥ በሰው ያለ፣ በትራይፓኖሶማና በሌሽማኒያ ቤተሰብ ያለ፣ በእርሾ ግን የሌለ የትኛው ነው? ዝርዝሩ በአንዴ አጠረ። የተሻሉትን 13 ጂኖች መርጠው አንድ በአንድ ዝም አሰኟቸው። ከ13ቱ አንዱ ዝም ሲል ካልሲየም መግባቱን አቆመ። ይህ በ2010 ታተመ፣ ፕሮቲኑም ሚኩ-1 ተባለ።

ሚኩ-1 ግን በሩ ራሱ አልነበረም። የበሩ ዘበኛ ነበር። በቃንዮን መግቢያ እንደሚቆመው ሾሜር አስቡት፤ ልዩነቱ ይህ ሾሜር የሚቆጥረው ካልሲየም መሆኑ ነው። ከውጭ ያለው ካልሲየም ጥቂት ሲሆን በሩን ዘግቶ ይይዛል። ሲበዛ ካልሲየሙ ራሱ ከዘበኛው ጋር ይጣበቃል፣ ዘበኛውም ቅርጹን ቀይሮ በሩን ይለቃል። በዓመቱ፣ በ2011፣ የሙታ ቡድንና በጣሊያን ፓዶቫ የሚገኘው የሮዛሪዮ ሪዙቶ ቡድን በየራሳቸው በሩን ራሱን አገኙት። ስሙ ኤምሲዩ ነው። የሃምሳ ዓመቱ ፍለጋ እዚህ ላይ አበቃ።

የገባ ነገር መውጣትም አለበት፣ አለበለዚያ ሚቶኮንድሪያው ይሞላል። የመውጫውን በር ታሪክ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቤር ሼቫ በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የኢስራኤል ሰክለር ቡድን በ2010፣ በሰውና በሌሎች አጥቢዎች ሶዲየም እያስገባ ካልሲየም የሚያስወጣው ፕሮቲን ኤንሲኤልኤክስ መሆኑን አሳየ። የመግቢያው ዘበኛና የመውጫው በር የታወቁት በአንድ ዓመት ነው።

በሩ ቢዘጋስ?

በሩ ከታወቀ በኋላ ጥያቄው ወደ ተውሳኩ ተመለሰ። ይህን በር ብንዘጋበት ምን ይሆናል? በ2013 የዶካምፖ ቡድን በትራይፓኖሶማ ብሩሴ ላይ ሞከረው። የኤምሲዩ ጂን ሲዳከም ወደ ሚቶኮንድሪያው የሚገባው ካልሲየም ቀነሰ፣ የሕዋሱ የኃይል ሚዛን ተዛባ፣ በዝንብ ውስጥ የሚኖረው ዓይነት ተውሳክ ራሱን በራሱ መብላት ጀመረ። በደም ውስጥ የሚኖረው ዓይነት ደግሞ እድገቱ ተገታ፣ አይጦችን የመበከል አቅሙም ቀነሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በደም ውስጥ ያለው ትራይፓኖሶማ ኃይሉን የሚያገኘው በሚቶኮንድሪያው ሳይሆን ከደማችን ስኳር ነው። ማመንጫው ሊዘጋ ምንም ያልቀረው ነው ማለት ይቻላል። እንዲያም ሆኖ የካልሲየም በሩን ያለ ጉዳት ማጣት አልቻለም። ይህ የሚነግረን በሩ ከኃይል ማምረት ውጭ ሌላም ሥራ እንዳለው ነው።

በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ኤምሲዩ የሌላቸው አይጦችን አሳደገ። የተወሰነ የዘር ቅልቅል ያላቸው አይጦች በሩ ሳይኖራቸው ተወለዱ፣ ኖሩም፤ ከባድ የጡንቻ ሥራ ላይ ግን ይደክማሉ። ሌላ የዘር ሐረግ ያላቸው አይጦች ግን ሳይወለዱ ይሞታሉ። ስለዚህ «ለአጥቢ እንስሳ በሩ አያስፈልግም» ማለት አይቻልም። ቢሆንም ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ቢያንስ አንዳንድ አጥቢዎች ያለ በሩ መኖር ከቻሉ፣ ለአጭር ጊዜ በሩን የሚያዳክም መድኃኒት የግድ ገዳይ ላይሆን ይችላል።

ተውሳኮችም ሁሉ አንድ አይደሉም። በትራይፓኖሶማ ክሩዚ ላይ በ2017 በክሪስፐር የተደረገ ጥናት፣ በነፍሳቱ ውስጥ የሚኖረው ዓይነት ያለ ኤምሲዩ ማደግ እንደሚችል አሳየ። ይልቁንም ኤምሲዩ-ቢ የሚባለው የበሩ ሌላ ክፍል ሲጠፋ ነው ኃይሉና ሕዋስ የመውረር አቅሙ የተጎዳው። በአንዱ ተውሳክ የተገኘውን በሌላው ላይ ዝም ብሎ መለጠፍ አይቻልም።

መድኃኒቱ የት አለ?

ይህ ሁሉ ለካላዛር ታማሚ ምን ይፈይዳል? በምሥራቅ አፍሪካ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2010 ጀምሮ የመከረው ሕክምና ሁለት መድኃኒቶችን፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲንን፣ በየቀኑ ለ17 ቀን መወጋት ነው። ሁለቱም መርፌ ናቸው። የመጀመሪያው አንቲሞኒ ከሚባል ማዕድን የሚሠራ ሲሆን ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው 17 ቀን ሐኪም ቤት ተኝቶ ሲወጋ፣ ቤተሰቡ ያለ ገቢ ይቀራል። ቀላልና ደህና መድኃኒት መፈለጉ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የካልሲየም መንገድ ይህን ፍለጋ ሊረዳ እንደሚችል ምልክት አለ። አሚዮዳሮን የልብ ምት ለተዛባባቸው ሰዎች የሚሰጥ የቆየ መድኃኒት ነው፤ የቻጋስ በሽታ ልባቸውን የጎዳባቸው ሰዎችም ሲወስዱት ኖረዋል። በ2006 የቬኔዝዌላ ተመራማሪዎች መድኃኒቱ ተውሳኩን ራሱን እንደሚያጠቃ አሳዩ። የሚቶኮንድሪያውን ቮልቴጅ ያፈርሳል፣ ካልሲየሙም ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይፈሳል። ቀደም ብለን «ቤቱ ጸጥ ካለ» ብለን አልነበር? እዚህ ቤቱ በጫጫታ ይሞላል።

ትልቁ እንቅፋት ያው መጀመሪያ የጠቀመን ነገር ነው። በሩ በእኛም በተውሳኩም አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰውን ለማወቅ ተውሳኩ ረዳን። ግን ያው መመሳሰል መድኃኒቱን ያከብደዋል፤ የተውሳኩን በር እዘጋለሁ ብሎ የታማሚውን ልብ መዝጋት አይገባም። ስለዚህ የሚፈለገው መመሳሰሉ ሳይሆን ልዩነቱ ነው። ልዩነትም አለ። የእኛ በር ያለ ኤምሬ አይሠራም። ኤምሬ በእንስሳት ብቻ የሚገኝ ትንሽ ፕሮቲን ነው፣ ትራይፓኖሶማዎች የላቸውም። እነሱ በፈንታው ኤምሲዩ-ሲ እና ኤምሲዩ-ዲ የሚባሉ፣ በእኛ ውስጥ የሌሉ የበር ክፍሎች እንዳሏቸው በ2018 ተገልጿል። በሩ ያው ቢሆንም ማጠፊያው የተለየ ነው። ማጠፊያውን ብቻ የሚይዝ መድኃኒት ቢገኝ፣ የተውሳኩ በር ተሰብሮ የእኛው ደህና ይቀራል። እስካሁን እንዲህ ያለ መድኃኒት ሐኪም ቤት አልደረሰም። የት እንደሚፈለግ ግን ታውቋል።

ለእናንተ

የሌሽማኒያ ጥናት በዚህ አገር አዲስ አይደለም። የአሸዋ ዝንብ በንክሻዋ ተውሳኩን ወደ ሰው እንደምታስተላልፍ በ1941 ያረጋገጡት በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ሳውል አድለርና ባልደረባው ነበሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለው። ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ፣ «ቁንጭር» ሲባልም «ሾሻና» ሲባልም የሚገባው ተመራማሪ ለሁለቱም ቦታ ይጠቅማል።

እስከዚያው ሁለት ትንንሽ የቤት ሥራዎች። ከቲዩል ወይም ከጸባ ከተመለሳችሁ በኋላ ለሳምንታት የማይድን ቁስል ካያችሁ፣ ዝም ብላችሁ ቅባት አትቀቡ፤ ኩፓት ሖሊም ሄዳችሁ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ሁለተኛው ደግሞ፣ የቅዳሜ ምሳ ላይ አያቶቻችሁን ስለ ቁንጭር፣ ስለ ገንዲና ስለ ሽኮኮ ጠይቋቸው። በየትኛው አገር፣ በየትኛው ወቅት፣ ማንን እንደያዘ ያስታውሳሉ። ሳይንስም የሚጀምረው እንዲህ ካለ ጥያቄ ነው።